ያለ ጊዜው ስለሚሞት ባትሪና ምትኩን ስለ ማግኘት

ዝናም በጣለ ማግሥት መሬት ለእርሻና ለዘር የሚመችበት ቀን ጥቂት ነው። በእነዚህ ቀኖች ትራክተሩ አልነሣ ያለው ባለ እርሻ የሚያጣው የባትሪ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሾፌሩን የቀን ደመወዝ፥ የተዘጋጀውን ዘር፥ ከሁሉም በላይ የወቅቱን እርጥበት ያጣል። በአርሲና በባሌ ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይን፥ በሁመራና በመተማ ለሰሊጥና ለማሽላ መሬት የሚያርሰው ትራክተር፥ እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርሰው የጭነት መኪና፥ ሁሉም ሥራቸውን የሚጀምሩት በአንድ ሣጥን ውስጥ በተጠራቀመ ኀይል ነው።

ይህም ሣጥን ባትሪ ነው። በደኅና ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው የሚደክም ባትሪ ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ሻጩ አታለለኝ ብሎ ይከሳል፥ ወይም ምክንያቱን ሳይመረምር ሌላ አዲስ ይገዛል። ሁለቱም መንገዶች ጉዳት አለባቸው። ሻጩ ጥፋተኛ ካልሆነ ክርክሩ ከንቱ ድካም ነው፤ ምክንያቱ በመኪናው ላይ ከሆነ ደግሞ አዲሱም ባትሪ እንደ ፊተኛው ይሞታል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ሁሉ፥ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ባትሪው በምን እንደ ሞተ ማወቅ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ምትክ መጠየቅ የሚገባው መሆኑንና አለመሆኑን ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

የባትሪ አሠራር

ዛሬ በትራክተርና በመኪና ላይ በብዛት የሚገኘው የእርሳስ ባትሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. ጋስቶን ፕላንቴ በተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ተፈለሰፈ። እስከ ዛሬም ድረስ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ መካኒኮች ሴል የሚሏቸው ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል ከ2 ቮልት ጥቂት ከፍ ያለ ኀይል ይሰጣል። በየክፍሉ ውስጥ በውኃ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ይገኛል፤ በአሲዱም ውስጥ ሁለት ዐይነት የእርሳስ ሰሌዳዎች ተደርድረው ቆመዋል። አንደኛው ዐይነት እርሳስ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደ እርሳስ ነው።

ባትሪው ኀይል በሚሰጥበት ጊዜ ሁለቱም ሰሌዳዎች የእርሳስ ሰልፌት ወደሚባል ነጭ ነገር እየተለወጡ ይሄዳሉ፤ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውኃነት ይጠጋል። ባትሪው ሲሞላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰልፌቱ ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለሳል፥ አሲዱም ኀይሉን ያገኛል። የባትሪው ሕይወትም ሞትም በዚህ ነጭ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ሰልፌቱ ገና ለስላሳ ሳለ ባትሪው ከተሞላ በቀላሉ ይመለሳል። ባትሪው ባዶውን ለሳምንታት ከቆመ ግን ሰልፌቱ እየጠነከረ ሰሌዳውን ይለብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የቱን ያህል ቢሞላ ያጣውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አያገኝም።

ያለ ጊዜው የሚገድሉት ነገሮች

በእርሻ ሥራ ላይ ካሉት ምክንያቶች ቀዳሚው ሥራ ፈትቶ መቆም ነው። ኮምባይን አጨዳው ካለፈ በኋላ ብዙ ወር በመጠለያ ይቆማል፤ ትራክተርም ከአንድ የእርሻ ወቅት እስከ ሌላው ሳይነቃነቅ ይከርማል። ባትሪ ምንም ሳይሠራበት ራሱ በራሱ ኀይሉን ያጣል፤ ቦታው በሞቀ ቁጥርም ይህ መጕደል ይፈጥናል። በወር አንድ ጊዜ ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ ይህ አጭር ጊዜ ለማስነሣት የወጣውን ኀይል እንኳ በሚገባ አይመልስም።

ሁለተኛው የተሰወረ ፍጆታ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱ፥ ሬዲዮው ወይም አንድ የተላጠ ሽቦ ጥቂት በጥቂት ኀይል ሊመጥ ይችላል። ለምሳሌ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የትራክተር ባትሪ ይታሰብ። ተረስታ ያደረች አንዲት ባለ 5 ዋት አምፖል በቀን 10 አምፔር ሰዓት ያህል ትወስዳለች፤ በአምስት ቀን ባትሪውን በግማሽ ታራቁተዋለች። የ50 ሚሊ አምፔር ትንሽ ፍሳሽ እንኳ ብትሆን ያንኑ ጥፋት በስድስት ሳምንት ያህል ትፈጽመዋለች። ይህን ለማወቅ ሞተሩን አጥፍቶ፥ የኔጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ፈትቶ፥ በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል የአምፔር መለኪያ ማስገባት ነው። መለኪያው ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካሳየ ፊውዞቹን አንድ በአንድ በመንቀል ፍሳሹ በየትኛው መሥመር እንዳለ ይገኛል። መለኪያው በገመዱ መካከል ሳለ ግን ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር አይገባም፤ መለኪያው ይቃጠላልና።

ሦስተኛው የአሞላል ጉድለት ነው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ዲናሞው ወደ ባትሪው የሚልከው ኀይል በባትሪው ራስ ላይ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ይሆናል። ቺንጋው ላልቶ ወይም ዲናሞው ደክሞ ከዚህ ካነሰ ባትሪው ሁልጊዜ እንደ ተራበ ይኖራል። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ከ15 ቮልት በላይ ከሰጠ ደግሞ አሲዱ ይፈላል፥ ውኃው ይተናል፥ የበሰበሰ ዕንቁላል የመሰለ ሽታም ይመጣል። በዚህ ዐይነት መኪና ላይ የሚታሰር ባትሪ፥ አዲስም ቢሆን፥ ዕድሜ የለውም።

አራተኛው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ መመዘኛ ነው። ስለዚህ በሁመራ፥ በአዋሽ ሸለቆ፥ በተሰነይ፥ በጅቡቲና በበርበራ የሚሠራ ባትሪ የደጋውን ያህል ይቆያል ተብሎ አይጠበቅም። ብርድ በአንጻሩ ባትሪውን አይገድልም፤ ነገር ግን ድካሙን ያጋልጣል። በቆላ ሲሠራ የከረመ የጭነት መኪና በኅዳር ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ አልነሣ ቢል፥ ጉዳቱ የደረሰው በዚያች ሌሊት ሳይሆን ከብዙ ወራት በፊት በቆላው ሐሩር ነው።

አምስተኛው መናወጥ ነው። በጕልትና በድንጋያማ መሬት የሚሄድ ትራክተር ባትሪው በሚገባ ካልታሰረ ሰሌዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ነገር እየረገፈ ከታች ይከማቻል፤ በመጨረሻም ሰሌዳን ከሰሌዳ አገናኝቶ አንዱን ክፍል ይገድለዋል። ስድስተኛው የውኃ ጉድለት ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ በወር አንድ ጊዜ መታየት አለበት፤ ሰሌዳዎቹም ከውኃው በላይ ፈጽሞ መታየት የለባቸውም። የሚጨመረውም ንጹሕ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። የወንዝና የቧንቧ ውኃ በውስጡ ያለው ጨው ሰሌዳውን ይጎዳል። አንዳንዶች ደግሞ ባትሪው ሲደክም አሲድ ይጨምሩበታል፤ ይህ ለጊዜው የነቃ ቢያስመስለውም ሰሌዳዎቹን ይበላልና ከመድኀኒት ይልቅ መርዝ ነው።

ስለ ባትሪ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ በሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ይሞታል የሚለው ነው። ይህ የባትሪ ሣጥን ከእንጨትና ፈሳሽ ከሚያሳልፍ ነገር በሚሠራበት በጥንቱ ዘመን ምክንያት ነበረው። የዛሬው የፕላስቲክ ሣጥን ግን በሲሚንቶ ላይ ቢቀመጥ አንዳች አይሆንም። የሚገድለው ወለሉ ሳይሆን ሳይሞላ ተረስቶ መቆየቱ ነው።

ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባም

ሞተሩ አልነሣ ባለ ጊዜ ባትሪው ሞተ ማለት አይደለም። በመጀመሪያ የገመዶቹ ራስ ይታይ። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተከማቸ ወይም ማሠሪያው ከላላ፥ ኀይሉ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ወደ ሞተሪኖው አይደርስም። ገመዶቹን ፈትቶ፥ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥቦ፥ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎና አድርቆ፥ ማሠሪያውን አጥብቆ፥ ጥቂት ግራሶ ወይም ቫዝሊን መቀባት ብዙ ጊዜ የባትሪ ዋጋ ያድናል።

ከዚህ በኋላ ባትሪው ይሞላ። ፈጥኖ ከመሙላት በዝግታ መሙላት ይሻላል፤ 100 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ 10 አምፔር ያህል ተገቢ ነው። ከተሞላ በኋላ ቢቻል አንድ ሌሊት ያለ ሥራ ይረፍ። በማግሥቱ ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.4 ከሆነ ሦስት ሩብ፥ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ይዟል። ተሞልቶ ባደረ ማግሥት ከ12.4 በታች የሚወርድ ባትሪ ሕመም አለበት።

ነገር ግን ቮልት ብቻውን ሁሉን አይናገርም። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የአሲዱ ክብደት ሃይድሮሜትር በሚባለው የመስተዋት መለኪያ ይመርመር። በሙሉ ባትሪ አሲዱ 1.265 ያህል ሲያሳይ በግማሽ የተሞላው 1.190 ያህል ያሳያል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ስድስቱን ክፍሎች ማወዳደር ነው። ስድስቱም እኩል ዝቅ ካሉ ባትሪው አልተሞላም ወይም በመቆም ተጎድቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ ከአያያዝ ወይም ከዲናሞ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። አምስቱ ደኅና ሆነው አንዱ ብቻ በ0.050 ወይም በበለጠ ከወደቀ ግን ያ ክፍል በውስጡ ተሰብሯል። ሣጥኑ ሳይሰነጠቅ፥ ውኃው ሳይጎድል፥ ባትሪውም በሚገባ ታስሮ ሳለ ይህ በጥቂት ወር ውስጥ ከታየ የፋብሪካ ጉድለት ነው ብሎ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለ።

ፈጽሞ የታሸገ ባትሪ በሃይድሮሜትር አይመረመርም። በአንዳንዱ ላይ የምትታየው አረንጓዴ ዐይን የምትናገረው ስለ አንዱ ክፍል ብቻ ስለሆነ በእርሷ ብቻ መታመን አይገባም። ለእንዲህ ያለው ባትሪ የሚሻለው በጭነት መፈተን ነው። በጋራዥ የሚገኘው መፈተኛ በባትሪው ላይ ከተጻፈው የማስነሻ አምፔር ግማሹን ለ15 ሴኮንድ ይጭንበታል፤ ቀድሞ የተሞላ ባትሪ በልከኛ አየር በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ደክሟል።

ምትክ ሲጠየቅ

ምትክ ለማግኘት የሚደረገው ዝግጅት የሚጀምረው ባትሪው በሞተ ቀን ሳይሆን በተገዛበት ቀን ነው። ገዢው የባትሪው ዐይነትና የተሸጠበት ቀን በግልጽ የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል አለበት። የዋስትና ወረቀትም ካለ የሻጩ ማኅተም ያረፈበት መሆኑን ያረጋግጥ። ወረቀቱ በመኪናው ውስጥ ሲንገላታ ስለሚጠፋ ከሌሎች ሰነዶች ጋር በቤት ይቀመጥ። የታሰረበትን ቀን በባትሪው ጎን በማይለቅ ቀለም መጻፍም ጥሩ ልማድ ነው።

ባትሪው በዋስትናው ዘመን ውስጥ ከደከመ ባለቤቱ መክፈት፥ አሲዱን መድፋት፥ ወይም የመንገድ ዳር ሠራተኛ እንዲነካካው መፍቀድ የለበትም። ሻጮች ምትክ የሚከለክሉባቸው ምክንያቶች ብዙውን ጊዜ የታወቁ ናቸው፤ ሣጥኑ የተሰነጠቀ፥ ራሱ በመዶሻ ተመትቶ የተጣመመ ወይም የቀለጠ፥ ውኃው የጎደለ፥ ወይም ባዶ ከመሆኑ በቀር ሌላ ጉድለት የሌለበት ባትሪ አይለወጥም። ስለዚህ ባትሪውን ከመውሰድ በፊት የዲናሞውን አሞላል በጋራዥ አስለክቶ ውጤቱን በጽሑፍ መያዝ ይጠቅማል። ሻጩ ጥፋቱ ከመኪናህ ነው ባለ ጊዜ ይህ ወረቀት መልስ ይሆናል።

ሻጩ ባትሪውን ሞልቶ ለመመርመር አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢጠይቅ አግባብ ነው፤ ባዶ ባትሪ ሊመረመር አይችልምና። ባለቤቱም በበኩሉ ባትሪውን ያስረከበበትን ወረቀት፥ በኋላም የምርመራውን ውጤት በቍጥር ተጽፎ መጠየቅ ይገባዋል። «ሠርቷል» ወይም «አይሠራም» የሚል የቃል መልስ አይበቃም። የስድስቱ ክፍሎች ልክ ወይም የጭነት ፈተናው ቮልት ከተጻፈ ሁለቱም ወገኖች የሚነጋገሩበት አንድ ማስረጃ ይኖራቸዋል። ምትክ በተሰጠ ጊዜ ደግሞ የአዲሱ ዋስትና እንደ ገና ከመጀመሪያ የሚቈጠር ወይም የፊተኛው ቀሪ ዘመን ብቻ የሚቀጥል መሆኑ ተጠይቆ ይጻፍ።

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ስለ መሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢም ዕቃውን በተቻለው ጊዜ እንዲመረምር፥ ጉድለት ባገኘም ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። እንግዲህ መብቱ ከትጋት ጋር የተያያዘ ነው። መኸር እስኪያልፍ ብሎ ሦስት ወር ዝም ያለ ገዢ ክርክሩን ራሱ ያዳክማል። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ የሚለው ምክር ለዚህም ይሠራል።

አዲሱን ስለ መግዛትና ስለ ማሰር

አዲስ የተባለ ባትሪ በሞቃት መደርደሪያ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው የተሠራበትን ቀን በሣጥኑ ላይ ፈልጎ ያንብብ፤ ምልክቱ ካልገባው ሻጩ እንዲያስረዳው ይጠይቅ። አሲድ ተሞልቶ የሚሸጠው ባትሪም በፊቱ ይለካለት። ከ12.4 ቮልት በታች የሆነውን አለመቀበል ነው። የማስነሻ አምፔሩም የመኪናው መጽሐፍ ከሚያዘው እንዳያንስ፤ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ከቤንዚኑ ይልቅ ለመነሣት ብዙ ኀይል ይፈልጋልና በርካሽነቱ የተገዛ ትንሽ ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፥ ቀጥሎ ፖዘቲቩ ይፈታል፤ ሲታሰር ግን ፖዘቲቩ ይቀድማል። ይህ መፍቻው የመኪናውን ብረት በነካ ጊዜ ብልጭታ እንዳይነሣ ይጠብቃል። ከሚሞላ ባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል፤ ስለዚህ በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስ ወይም የውኃውን ልክ ለማየት ክብሪት መለኮስ እጅግ አደገኛ ነው። አሲድ ዐይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ ለረዥም ጊዜ ማጠብና ዐይን ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ትራክተሩ ለወራት የሚቆም ከሆነ ባትሪው ይሞላ፥ የኔጋቲቩ ገመድ ይፈታ፥ ከተቻለም ባትሪው ወጥቶ በጥላና በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜ ይለካ፤ ወደ 12.4 ቮልት በወረደ ጊዜም እንደ ገና ይሞላ።

አሮጌው ባትሪ

የሞተው ባትሪ በጓሮ መጣል የለበትም። በውስጡ ያለው እርሳስ የሰውን፥ በተለይም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በኬንያ በሞምባሳ አጠገብ በምትገኘው በኦዊኖ ኡሁሩ መንደር አሮጌ ባትሪ የሚቀልጥበት ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ፥ ነዋሪዎቹ በእርሳስ ተመርዘው ብዙ መከራ አይተዋል። ስለዚህ ባትሪውን በቤት ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ፥ አሲዱን በእርሻ ላይ ወይም በወንዝ መድፋት ለጥቂት ብር ብሎ ቤተ ሰብን መጉዳት ነው። አሮጌ ባትሪ ዋጋ ያለው ዕቃ ስለሆነ፥ ሳይፈስና ሳይሰበር ለሚረከብ ሻጭ ወይም ለተፈቀደለት ሰብሳቢ አስረክቦ ከአዲሱ ዋጋ ላይ እንዲቀነስ መጠየቅ ይቻላል።

ባትሪ ቋንቋ ባይኖረውም ከመሞቱ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ ሞተሪኖው በዝግታ ሲዞር፥ መብራቱ ሲደበዝዝ፥ ውኃው ቶሎ ቶሎ ሲጎድል ማስጠንቀቁ ነው። ይህን አይቶ የክረምቱ ዝናም ሳይገባ በግንቦት ባትሪውን፥ ቺንጋውንና ዲናሞውን ያስመረመረ ባለ እርሻ፥ ጎረቤቱ ትራክተሩን በሰው ጉልበት ሲያስገፋ እርሱ ማሳውን ያርሳል።